ዩሪያና ኤንፒኤስ፦ ከአየር የተሠራው ማዳበሪያና ከድንጋይ የወጣው

ሁለቱ ከአንድ መጋዘን ቢሸጡም አመጣጣቸው ለየቅል ነው፤ የሚባክኑበትም መንገድ እንዲሁ።

ባለ 50 ኪሎው የዩሪያ ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ክሩክስ፣ ከቺሊ የሚቆፈረው የናይትሮጅን ማዳበሪያ (የቺሊ ናይትሬት) ሲያልቅ ስንዴ ለሕዝቡ አይበቃም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 የአየሩን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ አወጣ፤ በ1913 በጀርመን ኦፓው ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ መመረት ጀመረ። አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በዚህ በኩል ሳይንስ ገደቡን በእርግጥ ሰብሮታል። የቀረው የኃይል ጥያቄ ነው። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ፣ በቻይና ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጋዝ ሲወደድ ዩሪያም አብሮ የተወደደው ለዚህ ነው።

ዩሪያ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ አጨማመሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርጥብና ሞቃት አፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል። ለበቆሎ ግማሹ በዘር ጊዜ፣ ግማሹ ሰብሉ ጉልበት ሲደርስ ይጨመራል። ከግንዱ 5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ መስመር ይቀደድና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ አፈር ይመለስበታል። ከዘሩ ጋር አንድ ላይ ከወደቀ ቡቃያውን ያቃጥላል። ለጤፍና ለስንዴ መቅበሩ ስለሚያስቸግር ሁለተኛው ዙር ሰብሉ ከሥሩ ቡቃያ ሲያበዛ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ይበተን፤ እርጥብ ቅጠል ላይ የተጣበቀ ፍሬ ያነድዳል። መረሬ አፈር ላይ ውሃ ተኝቶ ከሆነ ባክቴሪያ ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ስለሚለውጠው ቦይ ማውጣት ይቀድማል። ከአመድ ወይም ከኖራ ጋር መቀላቀልም ያው አሞኒያውን ማባረር ነው።

ሲገዙ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያማስሉ። ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም በግልጽ ይቀዘቅዛል። አሸዋ ከታች ይቀራል፤ ጨው ይሟሟል እንጂ ያን ያህል አያቀዘቅዝም። የተከፈተ ጆንያ አፉ ታስሮ፣ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ እርጥበት ስቦ ይጋገራል።

ኤንፒኤስ በዳፕ፣ ማለትም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በያዘው በቀድሞው ማዳበሪያ፣ ቦታ የመጣ ነው። ኩንታሉ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ በፎስፌት ስሌት 38 ኪሎ ፎስፈረስና 7 ኪሎ ድኝ ይይዛል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ስለማይንቀሳቀስ ሁሉም በዘር ጊዜ በመስመሩ ውስጥ፣ ሥሩ ከሚደርስበት ይግባ። ዘግይቶ ላዩ ላይ የተበተነው ለዚያ ዓመት ሰብል ብዙም አይጠቅምም። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲቀንስ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.5 በታች ከሆነ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን ይይዙታል፤ ገበሬው ከፍሎ ሰብሉ ሳያገኘው ይቀራል።

የሳይንስ ጉልበት የሚያጥረውም እዚህ ነው። ፎስፈረስ ከአየር አይገኝም፣ ሕይወት ላላቸው ነገሮችም ምትክ የለውም። ከታወቀው የዓለም የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሞሮኮና በምዕራብ ሳሃራ ነው። በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመትከል ከናይጄሪያው ኩባንያ ዳንጎቴ ጋር በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ለናይትሮጅኑ ተስፋ ይሰጣል፤ ፎስፈረሱን ግን አይነካውም። ያለንን መልሶ መጠቀም ግን እንችላለን። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ይጠፋል፣ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ አመድ ከግቢ ውጭ መጣል የለበትም።

ለዓመታት የተለመደው በሄክታር አንድ ኩንታል ዩሪያና አንድ ኩንታል ዳፕ የሚለው ምክር ለሁሉም አፈር አይሠራም። ዩሪያውን፣ ዝናቡና ቦዩ ካለ፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። አሲዳማ ማሳ ላለው ግን የኤንፒኤሱን መጠን ከመጨመር በፊት አፈሩን ማስመርመር፣ በውጤቱ ልክ ኖራ ገዝቶ ከዘር አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ማደባለቅ ይበልጥ ያዋጣል።