የጎንደር መኖ ገበያ ሲፈተሽ፦ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ ወይስ የቢራ አተላ?

ፉርሽካ የሚወደደው ከስንዴው ጋር ነው። ከ100 ኪሎ ስንዴ ፉርሽካ ሆኖ የሚወጣው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እህል ጠፍቶ ወይም ተወድዶ የዱቄት ፋብሪካው ሥራ ሲፈታ አዘዞ ያለውም ማራኪ ያለውም ላም አርቢ ያችኑ ጥቂት ጆንያ ይሻማል። በቆሎውም ለሰው ማዕድ ስለሚፈለግ ከጋጥ ይርቃል። ወተቱ ግን በዚያው ልክ ዋጋ አይጨምርም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭራሽ ለ55 ቀን ገዥው ይሳሳል። ስለዚህ በከተማው የሚገኙትን መኖዎች በአንድ ጥያቄ መዝነናቸዋል፦ የተከፈለው ብር ስንት ፕሮቲን ወደ ላሚቱ ሆድ ያስገባል?

የተዳቀለች ላም ለራሷ ሰውነት ከሚያስፈልጋት ሌላ ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት 90 ግራም ያህል ፕሮቲን ትፈልጋለች። ከመቶው የጤፍ ጭድ 4 ወይም 5፣ ጥሩ ድርቆሽ 6 ወይም 7፣ ፉርሽካ 15 ወይም 16፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) 30 ገደማ ፕሮቲን አላቸው። የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

አንደኛ የምናስቀምጠው የኑግ ፋጉሎን ነው። ዋጋ ሲንር ብዙ አርቢ ቀድሞ የሚቀንሰው እሱን ነው፤ የኩንታሉ ዋጋ ከሁሉ በላይ ስለሚታይ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ለምሳሌ ፉርሽካ ኪሎው 20 ብር ቢሆን፣ ፋጉሎው 40 ብር ገደማ እስኪደርስ ድረስ በፕሮቲን ርካሹ ፋጉሎው ነው። 10 ሊትር የምትታለብን ላም በጭድና በ5 ኪሎ ፉርሽካ ብቻ የሚይዛት ሰው ወተቷ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲያሽቆለቁል ያያል። መጀመሪያ ከገላዋ እያወጣች ትከፍላለች፣ ጎኗ ይገባል፣ ከዚያም ኮርማ ሳትፈልግ ወራት ያልፋሉ። ይህ የመጨረሻው ኪሳራ በመኖ ደብተር ላይ አይታይም፤ ግን ከሁሉም ይከብዳል።

ስትገዙ ፋጉሎውን ሰብራችሁ መሐሉን እዩ። ጥሩው የኑግ ዘይት ይሸታል፣ ሲሰበር ደረቅ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ከታየበት በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ። ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በወተቱ ይወጣል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ የወተትና የመኖ ምርመራ ከፍተኛ ብክለት የተገኘው ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዞ ነበር። ከትናንሽ ዘይት መጭመቂያዎች የሚወጣው ፋጉሎ ቅባቱ ስላልተሟጠጠ ኃይል ሰጪ ነው፤ ቶሎ የሚበላሸውም በዚያው ምክንያት ነው። ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩት። ኑግ ከታጨደ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መግዛት ይሻላል፤ ለክረምቱ ግን የሚከማቸው ቦታው በእርግጥ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ፉርሽካ ሁለተኛ ነው። ላሚቱ ትወደዋለች፣ ለመደባለቅም ይመቻል፤ ችግሩ ማጭበርበሩ ነው። አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና አማስላችሁ ተዉት፤ አሸዋና አፈር ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ሌላው ጉድለቱ ፎስፈረሱ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ መሆኑ ነው። ኖራ ድንጋይ ያልተጨመረበት ፉርሽካ የምትበላ ጥሩ አላቢ ላም ወተቱን ከአጥንቷ ነው የምትከፍለው።

100 ኪሎ ድብልቅ ለማዘጋጀት 50 ኪሎ ፉርሽካ፣ 30 ኪሎ የተፈጨ ፋጉሎ፣ 17 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 2 ኪሎ ለመኖ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 1 ኪሎ ጨው ይበቃል። ፕሮቲኑ ከመቶው 18 ገደማ ይሆናል። በቆሎው ሲወደድ አውጡትና ፉርሽካውን 67 ኪሎ አድርጉት፤ ኃይሉ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ፕሮቲኑ አይወርድም። ፋጉሎውን ግን አትንኩት። አሰጣጡ ለሁለት ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ድብልቅ ነው፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ጨውና ኖራውን መጀመሪያ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ለይታችሁ አዋሕዱ፤ በቀጥታ ክምሩ ላይ ከተበተነ አንዷ ላም ሁሉንም ትልሰውና ሌላዋ ባዶ ትቀራለች።

የቢራ አተላ ለጎንደር ከተማ አርቢ ትልቅ ዕድል ነው፤ ዳሸን ቢራ ፋብሪካ እዚሁ ነውና። ዋጋው ሲሰማ ግን ያታልላል። ከአንድ ኩንታል እርጥብ አተላ ውስጥ 75 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። ከቀረው 25 ኪሎ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ 6 ኪሎ ገደማ። አንድ ኩንታል ፉርሽካ 15 ኪሎ ይሰጣል። ስለዚህ አተላው ጭነቱና ማውረጃው ተደምሮ እጋጡ ሲደርስ ከፉርሽካው ኩንታል 40 በመቶ ካለፈ አያዋጣም። አዘዞ ላለ አርቢ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ከከተማው ርቆ ቆላ ድባ ያለው ግን ለውሃ ነው የመኪና የሚከፍለው።

ትኩሱ አተላ የብቅል ሽታ አለው። በሙቀት ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል፣ ላዩ ይሻግታል። ብዙ ከመጣ በርሜል ውስጥ ንብብር በንብብር እየረገጣችሁ አየሩን አስወጡ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ ድንጋይ ጫኑበት፤ እንዲህ ሲሆን ሳምንታት ይቆያል። ለአንድ ላም በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጭዱን ትተዋለች፣ ፋንድያዋም ይቀጥናል። የጠላ አተላም ደግ ነው፣ በዕለቱ ካለቀ። የአረቄውን አቀዝቅዞ በጥቂቱ እንጂ ትኩስ መስጠት አይገባም።

ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ጭዱን ማሻሻል ነው፤ ይሄ እንዲህ ችላ መባሉ ያሳዝነናል። 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ በደንብ ሟሙቶ ለ100 ኪሎ ጭድ ይበቃል። ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ጭዱን በስሱ እየዘረጋችሁ፣ ውሃውን እኩል እየረጫችሁና እየረገጣችሁ ሙሉት፤ አየር እንዳይገባ ዝጉት። 21 ቀን ይቆያል፣ ሌሊቱ በሚበርድበት ወራት 4 ሳምንት። ሲከፈት ጭዱ ቡናማ ቢጫ ሆኖ አሞኒያው ዓይን ካስለቀሰ ሠርቷል። ሻጋታ ካለው ላስቲኩ ተቀዷል ወይም በደንብ አልተረገጠም፤ ያን ክፍል ጣሉት። የሚሰጠው አድሮ ከተናፈሰ በኋላ ነው፣ ከ6 ወር በታች ላሉ ጥጆች ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ያልሟሟ ዩሪያ ወይም የተረፈው ውሃ ከላም አጠገብ እንዳይቀመጥ፤ ከጠጣችው ይገድላታል።

በጆንያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ድብልቅ ጊዜ ለሌለው ሰው ይጠቅማል። የፕሮቲን መጠኑና የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበትን ግን አትግዙ። የተጻፈበትንም ቢሆን ከነባሩ መኖ ጋር እየቀላቀላችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ አልምዷት። ወተቱን በየዕለቱ በሊትር እየለካችሁ መዝግቡ፤ ከለመደችው በኋላ ለአንድ ሊትር ወተት የወጣው የመኖ ወጪ በቤት ከተቀላቀለው ከበለጠ ወደ ፋጉሎና ፉርሽካው ተመለሱ።