ጃዝን በላቲን ምት መጫወት ለምትፈልጉ ፒያኒስቶች፦ መምህሬን ልጠቁማችሁ

ሆቴል ሎቢ ውስጥ ፒያኖ የምንጫወት ሰዎች «እስኪ ላቲን አርገው» ስንባል የምናደርገው ይታወቃል። ቦሳ ኖቫም ይሁን ቻ ቻ ቻ፣ ግራ እጅ ያችኑ ባስ ይደጋግማል፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ይዞ ይነጉዳል፣ እንግዳውም ያጨበጭባል። ከዚህ ያወጡኝን ሰው በአደባባይ ላመስግን።

መምህሬ በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ፒያኖ የተማሩትም እዚያው ነው። አሁን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ያስተምራሉ።

ነገራቸው ሁሉ ክላቬ ነው። በሁለት ባር (ባር እዚህ አራት ምት የሚቆጠርበት የሙዚቃ ክፍል ነው) ውስጥ አምስት ጊዜ የሚመታ ስልት፤ ሦስቱ በአንደኛው፣ ሁለቱ በሌላኛው። ዜማው ከየትኛው ወገን እንደሚነሳ ሳይለዩ ፒያኖ አያስነኩም። «ኦተም ሊቭስ» የሚባለውን የታወቀ የጃዝ ዜማ ስንጀምር ዜማውን በአፌ እያልኩ ክላቬውን አጨበጨብኩ፤ እሳቸው የፒያኖውን ክዳን በእርሳስ ይመታሉ። ሳት ስል እርሳሱ ይቆማል። ሌላ ቁጣ የለም።

ከዚያ ግራ እጅ። ቱምባኦ የሚሉት የባስ አካሄድ የባሩን «አንድ» አይመታም። ከሁለተኛው ምት ቀጥሎ ባለው ግማሽ ላይና አራተኛው ላይ ያርፋል፤ አራተኛው ላይ የሚመታው ደግሞ ገና የሚመጣው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ባስ ነው። ቀጣዩ ኮርድ ዲ ከሆነ፣ ገና ኤ ማይነር ላይ እያላችሁ ዲ ይመታል፣ አዲሱ ባር ሲገባ ግራ እጅ ዝም ይላል። ዎኪንግ ባስ፣ ማለትም በየምቱ የሚራመድ ባስ፣ ለለመደ ሰው ያስለቅሳል! በዚያ ላይ ቀኝ እጅ ኮርዱን በኦክታቭ እየበተነ ሞንቱኖ የሚባለውን ተደጋጋሚ አጃቢ ሐረግ ይጫወታል። ባለፈው አብሮን የሚሠራው ኮንጋ (በእጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ) መቺ መሀል ላይ ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ እንደገባልኝ ያኔ አወቅኩ።

ቦሳ ኖቫን ከዚህ ጋር አያደባልቁም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ጆአኦ ጂልቤርቶ ሳምባን በጊታሩ ያለዘበበት ስልት ስለሆነ ኮርዱ ጥቂት፣ አመታቱ ለስላሳ ነው። «እዚህ ሞንቱኖ ካስገባህ ጂልቤርቶ ይቀየምሃል» ይሉኛል። አፍሮ ኩባኑ ስድስት ስምንተኛ (6/8) ምት ግን ቶሎ ያዘልኝ፤ በችክችካ ላደገ ጆሮ ሩቅ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የእኛን ዜማ ከላቲን ምት ጋር ሲያገናኙ ምን ሰምተው እንደነበር የገባኝም ያኔ ይመስለኛል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ለጀማሪ አልመክራቸውም። ኮርድ አንብቦ መጫወት የማይችል ተማሪ አይቀበሉም፣ ማርፈድም አይወዱም። ክፍያቸው ግን ለሚሰጡት ነገር አይበዛም፤ ፒያኖው የእንጨት ስለሆነ መብራት ሄደ ብሎ ትምህርት አይቀርም። ስልካቸው እዚህ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የቅዳሜ ጠዋቷ ሰዓት ግን የእኔ ናት፣ እንዳትጠይቋቸው።