ሦስት ከባድ ሮግላይኮች ለጀማሪ፦ የቱን ልግዛ? ሞዱንስ መቼ ልጫን?

ሮግላይክ የሚባሉት ጌሞች አይምሩም። ካራክተራችሁ ከሞተ ሴቭ ወዳደረጋችሁበት ቦታ መመለስ የለም፤ ከዜሮ ነው። ካርታው ይቀየራል፣ ጠላቶቹ ይቀየራሉ፣ የምታገኙት ዕቃም ይቀየራል። ጀማሪ ደጋግሞ ሲሞት ወይ ጌሙን ይተወዋል፣ ወይ ያገኘውን ሞድ (ተጫዋቾች ጌሙን ለመለወጥ ሠርተው የሚያወጡት ተጨማሪ) ሁሉ ይጭናል። እነዚህን ጌሞች ስለምወዳቸው ሁለቱም ይቆጨኛል።

እዚህ የማወዳድረው ሦስት ነው፤ የ2012ቱን ኤፍቲኤል፣ የ2014ቱን ዘ ባይንዲንግ ኦፍ አይዛክ፦ ሪበርዝ እና በ2019 ተጠናቆ የወጣውን ስሌይ ዘ ስፓየር። የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው። ጌሙ ከተጫዋቹ ምን ያህል ነገር ይደብቃል? ለጀማሪ የሚጠቅመው ሞድ የተደበቀውን የሚያሳየው ነው። ጠላት የሚያደክም ወይም ላይፍ የሚጨምር ሞድ ያሳልፋችኋል እንጂ አያስተምራችሁም። ሞዱን ያጠፋችሁ ቀን ያው ቦስ (ምዕራፍ መዝጊያ ላይ የሚጠብቀው ትልቁ ጠላት) መልሶ ይጥላችኋል።

መልሱን ቶሎ ለፈለገ፦ የመጀመሪያ ሮግላይካችሁ ከሆነ ስሌይ ዘ ስፓየርን ግዙ፤ ሞዱ ይቆይ። ምክንያቱን ለማወቅ የፈለገ ይቀጥል።

ስሌይ ዘ ስፓየር፦ ሁሉንም የሚያሳይ

ይሄ የካርድ ጌም ነው። በየተራው በአብዛኛው አምስት ካርድ ትስባላችሁ፣ ካርዶቹን ለመጫወት የምትከፍሉት ሦስት ኢነርጂ አላችሁ። ጠላት ቀጥሎ የሚያደርገው ከጭንቅላቱ በላይ በምልክት ይታያል። ሊመታችሁ ከሆነ የምቱ መጠን በቁጥር ተጽፏል። ማሰቢያ ጊዜውም የፈለጋችሁትን ያህል ነው። ስለዚህ ስትሞቱ ለምን እንደሞታችሁ ብዙ ጊዜ ይገባችኋል፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ የለም።

አይረንክላድ በሚባለው ካራክተር ጀምሩ። 80 ላይፍ አለው፣ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላም 6 ይመለስለታል። ጀማሪዎች እዚህ የሚሳሳቱት ገና ከጅምሩ መከላከያ ሲሰበስቡ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ግሬምሊን ኖብ የሚባል ኤሊት (ከተራው የጠነከረ ጠላት) አለ። አንዴ ከተናደደ በኋላ እናንተ ስኪል ካርድ በተጫወታችሁ ቁጥር ጉልበቱ በ2 ይጨምራል። መከላከያ የሚሰጡት ካርዶች ደግሞ አብዛኞቹ ስኪል ናቸው። ተሸሽጌ ልቆይ ያለ ሰው ራሱ ጠላቱን ያፈረጥመዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ውጊያዎች ጠንከር ያለ ምት ያላቸውን ካርዶች አስቀድሙ፤ መከላከያው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሌላው ደግሞ፣ ካርድ በቀረበላችሁ ቁጥር መውሰድ ግዴታ አይደለም። ዴካችሁ (የካርድ ክምራችሁ) በወፈረ ቁጥር ጥሩዎቹ ካርዶች እየራቁ ይመጣሉ። ሱቅ ስትገቡ በ75 ወርቅ አንድ ካርድ ማስወገድ ይቻላል፤ ባስወገዳችሁ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ስትራይክ (ስትጀምሩ የሚሰጣችሁ ደካማ የምት ካርድ) ማስወጣት አዲስ ካርድ ከመግዛት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሞዶቹ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። ሞድ ዘ ስፓየር እና ቤዝሞድ የሚባሉት መሠረቶቹ ስቲም ወርክሾፕ (የስቲም ጌም መደብር የሞድ ክፍል) ላይ ይገኛሉ። ትልቁ ዳውንፎል ነው። እዚያ እናንተ ራሳችሁ ቦሶቹን ሆናችሁ ከላይ ወደ ታች እየወረዳችሁ ጀግኖቹን ትዋጋላችሁ። ነፃ ነው፣ ዋናው ጌም ግን ሊኖራችሁ ይገባል። ሥራው ግሩም ነው። ጨዋታው ሙሉ በሙሉ የሚጥመው ግን ጀግኖቹን ከውስጥ ለሚያውቃቸው ሰው ነው፤ በአራቱም ካራክተሮች ሦስተኛውን ምዕራፍ ሳትጨርሱ አትክፈቱት።

ኤፍቲኤል፦ ግማሹን የሚያሳይ

መርከብ ትመራላችሁ፣ ስምንት ሴክተር ታቋርጣላችሁ፣ የአማፅያን ጦር ከኋላ ያሳድዳችኋል። መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ መልኩን እየለወጠ የሚዋጋ ፍላግሺፕ (የአማፅያኑ ዋና መርከብ) ይጠብቃል። የጠላት መርከብ ይታያል፣ መሣሪያው ይታያል። የየመንገዱ አጋጣሚ ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን ከመምረጣችሁ በፊት አታውቁም።

ኬስትረል በሚባለው መርከብ ጀምሩ፣ ኢዚ (ቀላሉ ደረጃ) ላይ አድርጉት። አድቫንስድ ኤዲሽን በ2014 በነፃ የተጨመረ ይዘት ነው፤ ዙር ስትጀምሩ ማጥፋት ስለሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ ይጥፋ። ከሁሉም በላይ ፖዝ ማድረግ ልመዱ። ስፔስ ቁልፉን ተጫኑ፣ አስቡ፣ እዘዙ፣ ልቀቁ። ፖዝ ሳያደርግ የሚጫወት ጀማሪ በከንቱ ይሞታል።

ቀጥሎ ያለው የመተኮስ ሥርዓት ነው። ኬስትረል ሦስት ጥይት የሚተኩስ በርስት ሌዘር አለው። የጠላት ጋሻ አንድ ድርብ ከሆነ አንዱ ጥይት ጋሻውን ያነሳል፣ ሁለቱ ውስጥ ይገባሉ። ጋሻው ሁለት ድርብ ሲሆን የሚገባው አንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሌላ መሣሪያ ስታገኙ ሁሉም እስኪሞላ ጠብቃችሁ አንድ ላይ መልቀቅ ያለባችሁ። በየተራ የተተኮሰ ጥይት ጋሻው እያገገመ ይበላዋል። ዒላማችሁ በቅድሚያ የጠላት መሣሪያ ክፍል ይሁን፤ የማይተኩስ መርከብ አያሰጋም። ባገኛችሁት ስክራፕም (የጌሙ ገንዘብ) ቶሎ ሁለተኛውን የጋሻ ድርብ አሠሩ፣ ኃይል ማመንጫውንም አብራችሁ አሳድጉ። እሳት ከተነሳ ደግሞ ሰዎቻችሁን ከክፍሉ አውጡና ወደ ውጭ ያሉትን በሮች ክፈቱ። ኦክስጅን ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል።

የኤፍቲኤል ሞድ ሲነሳ መልቲቨርስን የማያነሳ የለም። አዳዲስ መርከቦች፣ ዘሮች፣ መሣሪያዎችና ታሪኮች ተጨምረውበት ጌሙ ሌላ ጌም ሆኗል። ለመጫን ስሊፕስትሪም ሞድ ማናጀርና ሃይፐርስፔስ የሚባሉ አጋዥ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ፤ ዊንዶውስ ላይ ጌሙን ወደ ቆየ ቨርዥን መመለስም ሊጠይቅ ይችላል። ለጀማሪ አልመክረውም። ዋናው ጌም ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች ገና ያልለየ ሰው እዚያ ዳርቻ የሌለው ባሕር ውስጥ ይገባል። ፍላግሺፑን በኖርማል ደረጃ ካሸነፋችሁ በኋላ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጫኑት።

አይዛክ፦ ሁሉንም የሚደብቅ

ከሦስቱ ይሄኛው የእጅ ፍጥነት ይፈልጋል። ፖዝ አድርጎ ማዘዝ የለም፣ እየሸሹ መተኮስ ነው። ታሪኩም ከባድ ነው። እናት ልጇን እንድትሠዋ የሚያዝ ድምፅ ትሰማለች፣ ልጁ ወደ ምድር ቤት ይሸሻል። ደምና ቆሻሻ የበዛበት፣ ሃይማኖታዊ ምስሎችን በጨለማ መንገድ የሚጠቀም ጌም ነው። ለልጅ አይገዛም፤ ይህ የሚረብሸው አዋቂም ገንዘቡን ሳያወጣ ቢያስብበት ይሻላል።

ጌሙ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች አሉ፤ ምን እንደሚሠሩ ግን በቅጡ አይነግራችሁም። ዴድ ካትን ተመልከቱ። ስታነሱት የሚታየው ጽሑፍ ዘጠኝ ነፍስ የሚል ነው። ዘጠኙን በእርግጥ ይሰጣል፤ የልብ (የላይፍ) ማስቀመጫችሁን ግን ወደ አንድ እንደሚያወርደው አይናገርም። ለዚህ ነው ኤክስተርናል አይተም ዲስክሪፕሽንስ የሚባለው ሞድ የግድ የሚሆነው። ዕቃው ገና መሬት ላይ እያለ ሥራውን ጽፎ ያሳያል። ምርጫው የእናንተ ሆኖ ይቀራል፣ ድብብቆሹ ብቻ ይጠፋል።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። አንደኛ፣ ኮምፒውተር ላይ ሞድ የሚቀበለው አፍተርበርዝ ፕላስ የሚባለው ተጨማሪ ይዘት ያለው ጌም ነው። ሪበርዝን ብቻ ገዝታችሁ ሞድ አትጠብቁ። የ2021ዱን ተጨማሪ ይዘት ሪፔንታንስን ከፈለጋችሁም ከእሱ በፊት ያሉት ተጨማሪዎች በሙሉ ሊኖሯችሁ ይገባል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጥቅል ቅናሽ ሲወጣ መግዛት ያዋጣል። ሁለተኛ፣ ማም የምትባለዋን ቦስ አንድ ጊዜ እስክታሸንፉ ድረስ ሞድ ከበራ አቺቭመንት (ጌሙ ውስጥ ለሠራችሁት የሚሰጥ ሽልማት) አይከፈትም። በአይዛክ አዳዲስ ዕቃዎችና ካራክተሮች የሚመጡት ደግሞ በአቺቭመንት ነው። እስከ ማም ድረስ ያለ ሞድ ተጫወቱ፣ ያላወቃችሁትን ዕቃ ጌሙን ፖዝ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። እሷ ስትወድቅ ሞዱን አብሩ።

እስከዚያው ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ ለትሬዠር ሩም (ነፃ ዕቃ ለሚገኝበት ክፍል) አንድ ቁልፍ አታጡ። ቀይ ልባችሁንም ጠብቁ፤ በየፎቁ ቀይ ልብ ሳይነካ ከዘለቃችሁ የዴቪል ሩም (ልብ ከፍላችሁ ዕቃ የምትወስዱበት ክፍል) በር የመከፈት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሰማያዊው ሶል ሃርት ቢመታ ግን ዕድሉን አይቀንሰውም።

በምን እንደምትጫወቱም አስቡ

ስልክ ብቻ ያለው ስሌይ ዘ ስፓየርን ይግዛ። ለአንድሮይድም ለአይፎንም አለ፤ ሞድ ባይኖረውም ምንም አይጎድለውም። ኤፍቲኤል ለአይፓድ ወጥቷል፣ ስልክ ላይ የለም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን ያለችግር ይሠራል። አይዛክን ለኮንሶል የምትገዙ ከሆነ የዕቃ ገላጩን ሞድ እንደማታገኙት አውቃችሁ ግዙ። እኔ አይዛክን ከኮምፒውተር ውጭ ለጀማሪ የማልመክረው ለዚህ ነው።

ሞድ ስትጭኑ አንድ በአንድ ጫኑ፤ ችግር ሲፈጠር የትኛው እንዳመጣው ታውቃላችሁ። የጀመራችሁት ዙር ሳያልቅ ሞድ አትጨምሩ፣ አታውጡም፤ ሴቩ ሊበላሽ ይችላል። ጌሙ አፕዴት ተደርጎ ሞዱ አልነሳ ካለም ጌሙን ከማራገፋችሁ በፊት ሞዱን አጥፍታችሁ ሞክሩት።