የመኪናችሁን ድብቅ ቅንብሮች ለመቀየር የትኛውን አፕ ትገዛላችሁ?

ፍሬቻውን አንዴ ነካ ስታደርጉት 3 ጊዜ ብቻ ብልጭ ይላል፤ 5 ጊዜ ቢሆን ትመርጣላችሁ። መብራት ይዟችሁ በቆማችሁ ቁጥር ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፤ ያንን ማሰናከያ ቁልፍ በየጠዋቱ መጫን ሰልችቷችኋል። ወይም ደግሞ መኪናውን ስትቆልፉ ስፖኪዮው አብሮ እንዲታጠፍ ትፈልጋላችሁ፤ ስክሪኑ ላይ ግን እንዲህ የሚል ምርጫ የለም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር አዲስ ዕቃ መግጠም አይጠይቅም። ፋብሪካው አንዱን ሞዴል ለብዙ አገር ገበያ ስለሚያመርት ምርጫዎቹን ሁሉ በመኪናው ኮምፒውተሮች ውስጥ አስቀምጦ ለአንዱ ገበያ ያበራዋል፣ ለሌላው ያጠፋዋል። ኮዲንግ የሚባለው ይህንኑ ማብራትና ማጥፋት ነው። የሞተር ጉልበት ከሚጨምረው ቺፕ ቲዩኒንግ ጋር አይምታታባችሁ፤ ያ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ራሱን ስለሚለውጥ ወጪውም አደጋውም ሌላ ነው።

ለሚቸኩል ፍርዴን ላስቀድም። ቢኤምደብሊው ወይም ሚኒ ያለው ቢመርኮድን ይግዛ። የቮልስዋገን፣ የኦዲ፣ የስኮዳ ወይም የሴአት ባለቤት በስልኩ መሥራት ከፈለገ ኦቢዲኢለቨን፣ ላፕቶፕ ይዞ ጠለቅ ብሎ መግባት ከፈለገ ቪሲዲኤስ ይሆነዋል። ለፎርድና ለማዝዳ ፎርስካን፣ ያለ ክርክር። ለቶዮታና ለሌክሰስ ካሪስታ። ካርሊን የምመክረው ለጥቂት ሰው ነው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ስመዝናቸው የምርጫ ብዛት ላይ ብዙ አላተኮርኩም። ማስታወቂያው ላይ ከተደረደረው ውስጥ አንድ ሰው ለመኪናው የሚፈልገው ከጥቂቶቹ አያልፍም፤ ግማሹ ደግሞ የእሱ ሞዴል ላይ አይሠራም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ አፑ ከመጻፉ በፊት የነበረውን ኮድ ያሳየኛል ወይ? ያስቀምጥልኛል ወይ? ነገሩ ባያምረኝ ወደነበረበት መመለስ እችላለሁ ወይ? እዚህ ላይ በአፖቹ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ከአፑ በፊት መኪናው

አፑን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ ሁሉ የሚሰካው ኦቢዲ2 በሚባለው ባለ 16 ፒን የመፈተሻ ሶኬት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው ሥር በሾፌሩ በኩል ታገኙታላችሁ። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ። ሶኬቱ መኖሩ ግን ኮዲንግ ይቻላል ማለት አይደለም። ሕጉ ያስገደደው ከጭስ ልቀት ጋር የተያያዘውን መረጃ ማንም እንዲያነብ ነው። የበር፣ የመብራትና የዳሽቦርድ ኮምፒውተሮችን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቋንቋ ነው የሚያናግራቸው። "ለሁሉም መኪና" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሞተር ስህተት ኮድ ከማንበብ የማያልፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመኪናው ዘመን ነው። በ2015 ሁለት የደህንነት ተመራማሪዎች አንድ ጂፕ ቼሮኪን ከርቀት በኢንተርኔት ሲቆጣጠሩት ካሳዩ በኋላ አምራቹ 1.4 ሚሊዮን መኪና ለጥገና ጠራ፤ ከ2018 ሞዴሎች ጀምሮም ጂፕ፣ ዶጅና ፊያት ላይ ወደ ኮምፒውተሮቹ ያለፈቃድ የሚመጣን ትእዛዝ የሚያግድ የኤሌክትሮኒክ በር ገባ። ቮልስዋገን ደግሞ ከጎልፍ 8 ጀምሮ ኤስኤፍዲ የሚባል መቆለፊያ አመጣ፤ ኮምፒውተሩ የሚከፈተው በኢንተርኔት ከአምራቹ ፈቃድ ሲመጣለት ነው፣ እሱም ለ90 ደቂቃ ያህል። አውሮፓ ውስጥ የመኪና ሳይበር ደህንነት ደንብ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል። በአጭሩ፣ መኪናው አዲስ በሆነ ቁጥር አፑ የሚነካው እየጠበበ ይሄዳል። የ2014 ጎልፍ ባለቤት ያደረገውን ሁሉ የ2024ቱ ባለቤት ልሞክር ቢል ያዝናል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የአፑን የድጋፍ ዝርዝር በሞዴል ስም ብቻ ሳይሆን በምርት ዓመት ጭምር እዩት።

ቢመርኮድ

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። አንዴ ነው የሚከፈለው፤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። መኪናችሁን መደገፉን ሳትከፍሉ ማየት ትችላላችሁ። የነበረውን ኮድ ከመጻፉ በፊት ራሱ ያስቀምጣል፤ መመለስ ስትፈልጉ ከዝርዝሩ መምረጥ ብቻ ነው። ለጀማሪ በግልጽ ቋንቋ የተጻፉ ምርጫዎች አሉት፦ ስክሪኑ ሲበራ የሚመጣውን የሕግ ማስጠንቀቂያ ማጥፋት፣ በሪሞት መስኮት መዝጋት፣ ሞተር ሲነሳ የዳሽቦርዱ ቀስት ጫፍ ደርሶ እንዲመለስ ማድረግ፣ የሞተር ራስ አጥፊው የመጨረሻ ምርጫችሁን እንዲያስታውስ ማድረግ። የባለሙያ ክፍሉን ስትከፍቱ ግን የጀርመን ምህጻረ ቃላት ይቀበሏችኋል፤ ምን እንደሆነ ያልገባችሁን እዚያ ውስጥ አትንኩ።

ጉድለቱ የስህተት ኮድ አለማንበቡ ነው። ለዚያ ቢመርሊንክ የሚባለውን የእህት አፕ ለብቻው መግዛት አለባችሁ። በነገራችን ላይ የ2019ኙ ቶዮታ ሱፕራ ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር አንድ መሠረት ላይ ስለተሠራ በዚሁ አፕ ይነካል፤ ቶዮታ ነው ብላችሁ ካሪስታ አትግዙለት።

ኦቢዲኢለቨን ወይስ ቪሲዲኤስ?

ሁለቱም የቮልስዋገን ቤተሰብን መኪና ያውቃሉ፤ የሚለያዩት በተጠቃሚው ነው። የሊትዌኒያው ኦቢዲኢለቨን ከራሱ መሣሪያ ጋር ነው የሚሸጠው፤ በስልክ ይሠራል፣ አንድ ምርጫ አንድ ንክኪ ነው። ለእያንዳንዱ ንክኪ ክሬዲት የሚባል የአፑ ነጥብ ይቆረጣል፤ በራሱ እጅ ገብቶ የኮምፒውተሩን ረጅም ኮድ መቀየር የሚፈልግ ደግሞ የፕሮ እቅድ ይገዛል። ሁለት ሦስት ነገር ቀይሮ ለሚያቆም ሰው ክሬዲቱ ርካሽ ነው። መነካካት ለሚወድ ሰው ግን ቀስ እያለ ኪስ ይበላል። ትልቁ ጥንካሬው ኤስኤፍዲ የተቆለፈባቸውን መኪኖች ከአፑ ውስጥ ሆኖ ማስከፈት መቻሉ ነው። መኪናችሁ ከጎልፍ 8 ዘመን ወዲህ ከሆነ ምርጫው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ቪሲዲኤስን የሚሠራው ሮስቴክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዊንዶውስ ላፕቶፕና የራሱ ኬብል ይፈልጋል፤ መልኩም ያረጀ ነው፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። ነገር ግን ኬብሉን ከገዛችሁ በኋላ ሶፍትዌሩና ማሻሻያው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ኬብሉ ሲገዛ 3 መኪና፣ 10 መኪና ወይም ያለ ገደብ ተብሎ ይለያል፤ መኪናው የሚለየው በሻንሲ ቁጥሩ ነው፣ ስለዚህ ለጓደኛ መኪና ባዋሳችሁት ቁጥር አንድ ቦታ ያልቃል። የመላ መኪናውን ፍተሻ ስታደርጉ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ኮድ በጽሑፍ ፋይል ይወጣል። ያንን ፋይል ምንም ሳትነኩ በፊት አስቀምጡት፤ ከዚህ የተሻለ መመለሻ የለም። መኪናው ከ2019 በፊት የተሠራና ለዓመታት የምትይዙት ከሆነ እኔ ቪሲዲኤስን ነው የምገዛው።

ፎርስካን

ሙሉ ሥራውን የሚሠራው የዊንዶውሱ ነው። በስልክ ያለው ፎርስካን ላይት ስህተት ያነባል፣ ኮዲንግ ግን አያደርግም፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ላይቱን ገዝቶ ይበሳጫል። ለኮዲንግ የሚያስፈልገው የተራዘመ ፈቃድ የነጻ ሙከራ አለው፤ ከኮምፒውተራችሁ ጋር የታሰረ ስለሆነ በምትጠቀሙበት ላፕቶፕ ላይ ነው የሚወጣው።

ፎርድ ያላችሁ አንድ ጥሩ ዕድል አላችሁ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ኮድ በሻንሲ ቁጥሩ ተፈልጎ ከፎርድ የጥገና ገጽ በነጻ ይገኛል። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደነካ ባታውቁ እንኳ መነሻውን ታገኛላችሁ። በቁጥርና በፊደል የተደረደረው ኮድ ያስፈራል፤ የእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ግን የቀረው መስመር በትክክል መጻፉን የሚያጣራ ማረጋገጫ ድምር ብቻ ናቸው።

ካሪስታና ካርሊ

ካሪስታ ቶዮታና ሌክሰስን ጨምሮ ብዙ ብራንድ ይነካል፤ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸውን ድምፅ፣ በሮች በራሳቸው የሚቆለፉበትን ሁኔታ፣ የፍሬቻውን ብልጭታ ብዛት። ከምናሌው ውጪ ምንም አያስነካችሁም፣ ከጀርባ ያለውንም ኮድ አያሳያችሁም። ለባለሙያ ይህ ያናድዳል፤ ለጀማሪ ግን መኪናውን የሚያበላሽበትን መንገድ ያጠብለታል። በደንበኝነት ነው የሚሠራው፤ ወር ከፍላችሁ የምትፈልጉትን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ቀይራችሁ ደንበኝነቱን ብታቋርጡ የተቀየረው መኪናው ውስጥ ይቀራል።

የጀርመኑ ካርሊ የራሱን መሣሪያ ይፈልጋል፤ ክፍያው ዓመታዊ ነው፣ ካላቋረጣችሁትም ራሱን ያድሳል። ለኮዲንግ ብቻ ከሆነ ከላይ ያሉት በየብራንዳቸው ይበልጡታል። የሚጠቅመው ያገለገለ መኪና ደጋግሞ ለሚገዛ ሰው ነው፤ የኪሎሜትሩ ቁጥር ተቀንሶ እንደሆነ ኮምፒውተሮቹን እያወዳደረ የሚፈትሽ ክፍል አለው።

መሣሪያው ላይ አትቆጥቡ

ቢመርኮድ፣ ፎርስካንና ካሪስታ በሌላ ኩባንያ መሣሪያ ይሠራሉ፤ ፈተናውም እዚህ ነው። በጣም ርካሾቹ ኢኤልኤም327 የሚባለው ቺፕ ቅጂ ናቸው። ሽፋናቸው ላይ "ቨርዥን 1.5" ተብሎ ይጻፋል፤ የቺፑ ፈጣሪ የሆነው የካናዳ ኩባንያ ግን 1.5 የሚባል ቨርዥን አውጥቶ አያውቅም። እነዚህ ቅጂዎች ስህተት ለማንበብ ይበቃሉ። ረጅም መልእክት መጻፍ ሲመጣ ግን አንዳንዱን ትእዛዝ አያውቁትም፣ ወይም መሃል ላይ ይቋረጣሉ። መሃል የሚቋረጥ ጽሑፍ ደግሞ ኮዲንግ ውስጥ ከሚገጥማችሁ ሁሉ የከፋው ነው። የአፑ ገጽ በስም የሚመክራቸውን፣ ለምሳሌ ኦቢዲሊንክ ወይም ቪሊንከር፣ ግዙ።

አይፎን የያዘ ሰው ተራውን ብሉቱዝ አይቶ እንዳይገዛ፤ አይፎን የሚቀበለው ባለዝቅተኛ ኃይል ብሉቱዝ፣ ዋይፋይ ወይም አፕል ፈቃድ የሰጠው መሣሪያ ነው። ፎርድ ላይ ደግሞ ሁለት የመገናኛ መስመር ስላለ በሁለቱ መካከል ራሱ የሚቀያይር መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ቪሊንከር ኤፍኤስና ኦቢዲሊንክ ኢኤክስ ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ሥራ ስትጨርሱ ነቅላችሁ አውጡት። ሶኬቱ ሞተር ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ስላለው መሣሪያው ባትሪ ይመጥጣል፣ የይለፍ ቁጥር የሌለው ብሉቱዝ ደግሞ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ክፍት ነው።

ባትሪውንም አትርሱ። የሞላ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቁልፉ ተከፍቶ፣ መብራትና ማራገቢያ እየሠራ ግማሽ ሰዓት ከቆያችሁ ይወርዳል፤ 12 ቮልት አካባቢ ከደረሰ መጻፍ አቁሙና ቻርጀር አገናኙ። አንድ ነገር ቀይራችሁ፣ ሞክራችሁ፣ ቀጥላችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ አሥሩን ባንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳበላሸበት አያውቅም።

አፖቹ የሚፈቅዱትን ሁሉ አድርጉ እያልኩ አይደለም። የደህንነት ቀበቶ ማስጠንቀቂያን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ አልነካውም። እየነዱ ቪዲዮ ማየት መክፈትም ይቻላል፤ በብዙ አገር ሕግ ግን ያስቀጣል። የኤርባግና የፍሬን ኮምፒውተሮችን ለባለሙያ ተዉአቸው። መኪናው ገና ዋስትና ውስጥ ከሆነ ደግሞ ወደ አምራቹ ወኪል ከመውሰዳችሁ በፊት ሁሉንም ወደነበረበት መልሱት፤ እነሱ ሶፍትዌር ሲያድሱ የእናንተ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠፋ ዝርዝሩን በወረቀት ብትይዙት ሲመለስላችሁ እንደገና ለመጻፍ አትቸገሩም።