አይቡፕሮፌን 400 ለማይግሬን፦ ከአዳማ ፋርማሲ ሲገዙት

አዳማ ፋርማሲ ገብተው «ራሴን እየፈለጠኝ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ከሚሰጥዎት ማስታገሻ አንዱ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ነው። ለማይግሬን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በሰዓቱ ለወሰደውና ላልደጋገመው።

ማይግሬን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን የራስ ጎን ይዞ እንደ ልብ ምት ይወቅራል። ደረጃ ሲወጡ ይብሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ላይ የሚብለጨለጭ ወልጋዳ መስመር የሚታየውም አለ።

ኪኒኑ የሚወሰደው ፍልጠቱ ገና ሲጀምር ነው፦ አንድ ፍሬ፣ ትንሽ ምግብ ቀምሶ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ። «ትንሽ ልታገሰው» ያለ ሰው ይጎዳል፤ ማይግሬን ሲበረታ የጨጓራ እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም አይገባም። በጥናቶች ከወሰዱት 4 ሰዎች አንዱ ያህል በ2 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ጨርሶ ይለቀዋል፤ ከግማሽ በላዩን ያቀልለታል። የሚያስመልሰው ሰው ሐኪሙን ስለ ሜቶክሎፕራማይድ (ማስመለስ የሚያስታግስ መድኃኒት ነው) ይጠይቅ።

ትልቁ እንከን መደጋገሙ ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ላለፈ ጊዜ ከተወሰደ ራስ ምታቱን የሚያመጣው ራሱ ኪኒኑ ይሆናል። ካፌይን ያለባቸው ቅልቅል ማስታገሻዎች ላይ ገደቡ 10 ቀን ነው። የወሰዱበትን ቀን ሁሉ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ አጠገቡም ያን ቀን የሆነውን ይጻፉ፦ የታለፈ ምሳ፣ የጎደለ እንቅልፍ፣ የወር አበባ፣ ውኃ ሳይጠጡ በአዳማ ፀሐይ መዋል። ቡና በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጾም ሲገባ የሚያመው ረሃቡ ብቻ አይደለም፤ ካፌይን ከቀረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይጀምራል። ከጾሙ ሳምንት ቀድሞ ስኒውን እየቀነሱ መምጣት በእጅጉ ይረዳል።

የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድና ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ለአብዛኞቹ ፓራሲታሞል ይሻላል።

ሲገዙ ስትሪፑን ገልብጠው ይዩ። በፍሬ ተቆርጦ ሲሸጥ የማብቂያ ቀኑ የታተመበት ጫፍ ሌላው ገዢ ጋ ይቀራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት።

ድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ ወይም እጅና እግር ያዛለ ከሆነ ግን ፋርማሲ አይሂዱ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።