ቱሉ ዲምቱ ያሰራኋቸው የእጅ ሰሌዳዎች፣ ለመምህራን የሚሆን ሪቪው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ የመንግስት ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ሂሳብ ነው የማስተምረው፣ ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ። ስለነዚህ ሰሌዳዎች ብዙ መምህራን ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዕቃው ቀላል ነው፣ ኤ4 ነጭ ወረቀት መሃሉ ጠንከር ያለ ወረቀት ገብቶበት ላሚኔት የተደረገ (በፕላስቲክ የታሸገ)፣ ባንድ በኩል ባዶ በሌላው በኩል ካሬ ካሬ የተሰመረበት። ተማሪው በኋይትቦርድ ማርከር መልሱን ጽፎ ወደኔ ያነሳዋል፣ ከዛ በጨርቅ ያጠፋዋል፣ በቃ። ቱሉ ዲምቱ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት አንዱን በ50 ብር ሰራልኝ፣ ለሁለት ልጅ አንድ ይደርሳል።

ለምን እንደወደድኩት ልንገራችሁ። "ገባችሁ?" ስንል "አዎ ቲቸር!" ነው መልሱ፣ ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ፣ እጅ የሚያወጡት ደግሞ ሁሌም ፊት ወንበር ላይ ያሉት እነዛው አራት አምስት ልጆች ናቸው፣ ከኋላ ያለችው ልጅ ምን እንደገባትና ምን እንዳልገባት የምናውቀው ፈተና ስናርም ነው፣ ያኔ ደግሞ ምዕራፉ አልፏል። በሰሌዳው ግን 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው፣ ጻፉ እላለሁ፣ ዝም ብለው ይጽፋሉ፣ እስከ ሶስት ስቆጥር ሁሉም እኩል ያነሳሉ (እኩል ካልተነሳ ያንዱን እያዩ ይቀይራሉ፣ እዚህ ላይ ጥብቅ በሉ)። ያኔ 2/5 የሚል ሰሌዳ በዝቶ አያለሁ፣ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደምረው ማለት ነው። መሳሳታቸውን ብቻ ሳይሆን እንዴት አስበው እንደተሳሳቱ ያሳየኛል። እዛው ቆሜ ግማሽ ዳቦ ላይ ሌላ ዳቦ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይሆናል ብዬ እጠይቃለሁ፣ 2/5 ከ1/2 ያንሳላ። ከ0.25 እና ከ0.3 የቱ ይበልጣል ስላቸውም ብዙዎቹ 0.25 ይላሉ፣ 25 ከ3 ስለሚበልጥ፣ ይሄንን ባላይ ኖሮ ወደ አስርዮሽ ማባዛት ዘልዬ እሄድ ነበር።

ክፍላችሁ እንደኔ ከሆነ የሁሉንም ጽሁፍ ማንበብ አይቻልም። እኔ ብዙ ጊዜ ምርጫ አደርገዋለሁ፣ ሀ ለ ሐ መ በትልቁ ይጽፋሉ፣ ባንድ አይን ክፍሉ ይታያል። የተሳሳቱትን ምርጫዎች ግን ዝም ብላችሁ አትሙሉ፣ ልጆቹ በእውነት ከሚሳሳቱት ውሰዱ፣ ያለዛ መልሱ ምንም አይነግራችሁም። ተማሪዎቹ የሚያነሱትን ካርድ በመምህሩ ስልክ ካሜራ የሚያነበው ፕሊከርስ የሚባለው አፕም ጥሩ ነው፣ ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም፣ ግን ፊደል እንጂ የልጁን ስሌት አያሳይም፣ ለሂሳብ ስሌቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ማርክ አልይዝበትም! ከ5 ወይ ከ10 ነው ካልኩ ወዲያው መኮራረጅ ይጀመራል። ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጣ ነገር ነው፣ ሀሳቡ ልጁ ያልገባውን በጊዜ አውቆ መርዳት ነበር፣ አሁን ብዙ ቦታ ማርክ ሊስት መሙያ ሆኖ ሳይ በጣም ያመኛል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ፐርሰንትና በላይ ያመጡት 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበሩ፣ በ2015ም 3.2፣ እነዚህ ልጆች እኮ በየዓመቱ "ተዛውሯል" እየተባለ ካርድ ተሰጥቷቸው የመጡ ናቸው። የኛ 6ኛ ክፍሎችም ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል፣ ያልገባቸውን እዛ ድረስ ይዘው እንዲሄዱ አልፈልግም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ በመስኮት በኩል የተቀመጡት ሲያነሱ ብርሃን እየመታው አይነበብም፣ ትንሽ ወደታች ዘንበል አድርጉ ስላቸው ይስተካከላል። ማት የሚባለውን የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ግን እንዳትወስዱ፣ ማርከሩ በደንብ አይጠፋም። የመጀመሪያው ዙር ጠርዙ ሹል ሆኖ ነው የመጣው፣ ሶስት ልጅ ባንድ ዴስክ ተጨናንቆ ለሚቀመጥበት ክፍል ይሄ ለዓይን አደጋ ነው፣ መልሼ ወስጄ ማተሚያ ቤቶቹ ሳያጉረመርሙ ጠርዙን ክብ አድርገው ቆርጠውልኛል፣ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። ሲቆርጡ ዳር ላይ ትንሽ ፕላስቲክ ይተውለት፣ ወረቀቱ ድረስ ከተቆረጠ ውሃ ይገባና ይላቀቃል። ቀጠሮ ላይም ደካሞች ናቸው፣ ነገ ካሏችሁ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት።

ትልቁ ወጪ ሰሌዳው አይደለም፣ ማርከሩ ነው። ክዳኑ ክፍት ከቀረ ይደርቃል፣ ስለዚህ በየረድፉ የሚሰበስብ ልጅ መድቤያለሁ፣ አጋድመን ነው የምናስቀምጠው። በፐርማነንት (በማይጠፋው) ማርከር የጻፈ ልጅ ካለ አትደንግጡ፣ በላዩ ላይ በኋይትቦርድ ማርከር ደርባችሁ ቶሎ ጥረጉት ወይ ሳኒታይዘር ንኩት፣ ይለቃል። ለመጥረጊያ ያረጀ ካልሲ ከቤት ያመጣሉ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለቀጠሮውና ለጠርዙ ነው። የማተሚያ ቤቱን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማሰራት ካሰባችሁ ግን ከነሐሴ በፊት እዘዙ፣ መስከረም ሲቃረብ ወረፋው አይቻልም።