ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ 4 ሰዓት፦ ስልክ ወይስ ሬዲዮ?

ከቱሉ ዲምቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ማሽኑ ጋ ስደርስ ደክሞኛል። ከዚያ 4 ሰዓት ገደማ መተኛት አለ። በምን ይለፍ?

ስልክ፦ ፊልም ሲታይ ሰዓቱ ይሮጣል። ግን ፓኬጅ ይበላል። መርፌ ያለበት ክንድ መንቀሳቀስ ስለሌለበት በአንድ እጅ ነው የሚያዘው፤ ቶሎ ይዝላል። ግፊቴ ሲወርድ ደግሞ ስክሪኑ ያዞረኛል።

ሬዲዮ፦ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ዓይን ያርፋል። ማዳመጫው ግን በአንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፤ የማሽኑ ጩኸትና የነርሷ ድምፅ መሰማት አለበት። እንቅልፍ ቢመጣም ክንዳችሁን በብርድ ልብስ አትሸፍኑ። መርፌው ቢወጣ ደሙ ወዲያው መታየት አለበት። እባካችሁ ይህን አትርሱ።

ቀለል ባለኝ ቀን፣ ከልጆቼ ጋር በቪዲዮ ለማውራትም ስልክ። ማሽኑ ከሰውነቴ ብዙ ፈሳሽ በሚያወጣበት፣ እግሬ በሚሸማቀቅበት ቀን ሬዲዮ።